ከማን ጋር ይቀመጣል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሰው ከተማዋን እንደተሰናበተ ወለቃ ላይ ይደርሳል። መንገድ ዳር የተደረደረው ጥቁር ሸክላ ዓይን ይስባል፤ ጀበናው፣ ትንንሹ አንበሳ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ። እንግዳው አንዱን አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ተከራክሮ ገዝቶ ወደ ሰሜን ተራሮች መንገዱን ይቀጥላል። እኔና እናንተ ግን ቡናችንን ይዘን እዚሁ እንቆይ። ላጫውታችሁ የፈለግሁት ጠዋት ጠዋት ደብተር ይዘው ከእንዲህ ዓይነቱ መንደር ስለሚወጡ ልጆችና በር ላይ ቆሞ ስለሚቀበላቸው አዲስ መምህር ነው።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ከመምህራን ኮሌጅ ወጥታ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድባለች። ኮሌጅ ሳሉ «የማስተማር ፍልስፍናችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ» ተብለው የጻፈችውን ወረቀት አምጥታ አነበበችልኝ። ክፍሏ ሁሉም ልጅ የሚከበርበት፣ ማንም የማይገለልበት እንዲሆን እንደምትፈልግ ጽፋለች። ከልቧ እንደጻፈችው ድምፅዋ ይናገራል። እኔም ዕድሜዬን በጠመኔ አቧራ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ደስ አለኝ፤ ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ሰኞ ጠዋት ስልሳ ልጅ ዴስክ ሲሻማ ማን ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው?»

«እንደፈለጉ ይቀመጣሉ እንጂ ጋሼ! ነፃነት ይሰማቸው።»

«እንደፈለጉ ከተቀመጡማ ማንም ያልፈለገው ልጅ ብቻውን ይቀራል።»

ዝም አለች። ከዚያ «እውነትዎን ነው፤ እኔም ስማር አንዲት ልጅ ነበረች» ብላ ጀመረችና የልጅቷን ነገር ሳትጨርሰው ቀረች። መጨረስም አላስፈለጋትም። ሁላችንም ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበረች፤ በዴስኩ ጫፍ የምትቀመጥ፣ ውኃ መጠጫዋን ማንም የማይነካባት።

ወለቃን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ይህች መንደር ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤላውያን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መኖሪያ ነበረች። ርስት ስለተነፈጉ ኑሯቸው በእጃቸው ሥራ ላይ ቆመ፤ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። የጎንደርን አብያተ መንግሥት ከገነቡት እጆች መካከልም የእነሱ እንደነበሩበት ይነገራል። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ገዝቶ ያርሳል፤ ሚስቱ በእነሱ ምጣድ ትጋግራለች፤ ማታ ግን ልጁ ሲታመም ያው ጎረቤት «ቡዳ በላው» ይላል። ያለ እነሱ ማረሻ እህል የለም፤ ከእነሱ ጋር ግን ማዕድ የለም። ይህን ግፍ አለዝቤ መናገር አልችልም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እንዳወጡ ታውቁ ይሆናል። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ አገሪቱን ባለሙያ እንዳሳጣት ንጉሠ ነገሥቱ ገብቷቸው ነበር። እንግዲህ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዓመት ገደማ፣ ወለቃ ውስጥ ለአንድ ሸማኔ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ስሙ ዮና ቦጋለ ነው። ልጁን ያዕቆብ ፋይትሎቪች የተባሉት ምሁር ለትምህርት ወሰዱት፤ ኢየሩሳሌም ተማረ፣ ፍራንክፈርት ተማረ፣ ስዊዘርላንድና ፓሪስም ደረሰ። ብዙ ቋንቋ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አቶ ዮና በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ፤ ቆይተውም በጎንደር ገጠር ለሚገኙ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት በማቋቋምና በመምራት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በ1987 ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። የሸማኔው ልጅ ችሎታውን ያወጣው በእንግዳ ሰው ዓይን ታይቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ነው። ከወለቃ ጎንደር በእግር የሚደረስ መንገድ ነው፤ ጎንደር ደግሞ የሊቃውንት አገር ናት። እዚሁ በቅርብ ዴስክ ያላገኙ ስንት ዮናዎች ይሆኑ?

ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ወጡ፤ በዚያ የሁለት ቀን ዘመቻ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሄዷል። ሸክላው ግን ወለቃ ቀረ። ዛሬ የሚሠሩት ሌሎች እናቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ። ሸክላ ሠሪን ይንቅ የነበረው ዓይንም ከሄዱት ጋር ተሳፍሮ አልሄደም፤ ሙያውን የያዘውን ሁሉ እየፈለገ ያርፍበታል። እርግጥ ድሮና ዘንድሮ አንድ አይደለም፤ ብዙ ተለውጧል። ይሁን እንጂ ስድብ መጨረሻ ላይ የሚሞተው በልጆች አፍ ነው፤ ትልቁ ሰው ካፈረበት በኋላ እንኳ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዓመታት ይኖራል።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። የተነጋገርነው ረጅም ስለነበር ዋና ዋናውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ መቀመጫ። ለመጀመሪያው ሳምንት እንኳ ቢሆን መቀመጫውን መምህሯ ትመድብ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ትቀያይር። ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲዟዟሩ እያንዳንዱ ልጅ ከብዙዎቹ ጋር ክንድ ለክንድ ተነካክቶ ይወጣል። አንድ ወላጅ መጥቶ «ልጄን ከእገሌ ልጅ ጋር አታስቀምጪብኝ» ቢላት «በእኔ ክፍል ሁሉም ከሁሉም ጋር በተራ ይቀመጣል» ብላ በትሕትና ትመልሰው። ደንብ ለሁሉም ሲሆን ማንንም አያሳፍርም። «አንቺ ከእሷ ጋር ተቀመጪ፤ ምስኪን ናት» ብሎ መመደብ ግን ዴስኩን አካፍሎ ክብርን መንጠቅ ነው።

ቀጥሎ ስለ ስም። ስም ስትጠራ ከነአባቱ ትጥራ፤ ቅጽል ስም እሷም አትጠቀም፣ ሲጠቀሙም ዝም አትበል። «አጭሬ»፣ «አንካሴ»፣ «ዱዳው» የሚባሉት ስሞች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጸድቁት መምህሩ ስቆ ያለፈ ቀን ነው።

«እሺ ጋሼ፣ 'ቡዳ' ብሎ ቢሰድበውስ? ላስወጣው?»

«አታስወጪው። ካስወጣሽው ስድቡን የተማረበት ቦታ መልሰሽ ላክሽው ማለት ነው። ትምህርቱን አቁሚና ለሁሉም በግልጽ ንገሪ፤ ሸክላ መሥራት፣ ብረት መቀጥቀጥ ሙያ ነው፣ በሰው ዓይን የሚበላ ሰው የለም፣ ልጅ የሚታመመው በተበከለ ውኃ፣ በወባ፣ በሳምባ ምች ነው በያቸው። ከዚያ ማስተማርሽን ቀጥዪ። ተሳዳቢውን ደግሞ ሲለቀቁ ለብቻው አነጋግሪው፤ ወላጁንም ጥሪ።»

«ወላጁ ራሱ የሚያምን ቢሆንስ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ የሚያምን ወላጅ ይኖራል። ለዚህ ነው ነገሩ የአንድ መምህር ብቻ ያልሆነው፤ የወላጅ መምህር ኅብረት የሚባለው ስብሰባ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ከሚያወራ አንድ ቀን ስለዚህ ቢያወራ ምን አለበት? ቄሱም ሼኹም እዚያ ስብሰባ ላይ የልጅ ወላጆች ናቸው። እነሱ አንድ ቃል ቢናገሩ የመምህሯ አሥር ቃል ያህል ይሰማል።

አሁን ወደ ሸክላው። በእኔ እምነት የወለቃ መምህር ከማንም የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ ደጃፉ ላይ አለለት። አንዲት ሸክላ ሠሪ ስትሠራ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። አፈሩን ቆፍራ ታመጣለች፤ አድርቃ ትወቅጠዋለች፤ ነፍታ ታርሰዋለች። ብቻውን ከሆነ እሳት ላይ እንደሚሰነጠቅ ስለምታውቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትቀላቅልበታለች፤ ስንት ለስንት እንደሆነ መዳፏ ያውቀዋል። የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም፤ ራሷ እየዞረች ወይም ዕቃውን እያዞረች ጭቃውን በጣቷ ታቆመዋለች፤ ከዚያ በቅል ስባሪ፣ በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች። ፀሐይ ላይ አታሰጣውም፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ትተወዋለች። የሚቃጠልበት ቀን ሲደርስ ኩበትና እንጨት ደርድራ ታነድዳለች፤ ጭሱ ሲታፈን ይጠቁራል። ይህ ሁሉ የሬሾ ትምህርት ነው፣ የትነት ትምህርት ነው፣ የሙቀትና የአየር ትምህርት ነው። የአካባቢ ሳይንስ የምታስተምር ሴት «ከፀሐይ ይልቅ ጥላ ላይ ማድረቅ ለምን አስፈለገ?» ብላ ብትጠይቅ ክፍሉ ውስጥ እጁን መጀመሪያ የሚያነሳው ማን እንደሚሆን ገምቱ።

እዚህ ላይ ግን የእህቴን ልጅ አጥብቄ ያስጠነቀቅኋት ነገር አለ። «እናትህ ሸክላ ሠሪ ናት አይደል? ተነሥና ንገረን» እንዳትል። በመልካም ልብ የሚደረግ ስለሆነ ነው የሚከፋው። ልጁ በስልሳ ዓይን ፊት የቤቱን ጉዳይ ይዞ እንዲቆም አልጠየቀም። ጭቃውን ለሁሉም አምጪላቸው፤ ሁሉም እጁን ይንከር፤ የዳኛው ልጅም የነጋዴው ልጅም ይጨማለቅ፤ አንዱ ያቆመው ሲወድቅ፣ ሌላው የሠራው ሲሰነጠቅ ይዩ። የሚችለው ልጅ በራሱ ጊዜ «እንዲህ አይደለም፣ ውኃው በዝቷል» ይላል። ያን ቀን ያ ልጅ በገዛ ፈቃዱ ዐዋቂ ሆነ፤ ማንም አልገፋውም፣ ማንም አላዘነለትም። ከተቻለ ደግሞ አንዲት ባለሙያ እናት ትጋበዝ፤ ስትመጣ ወንበር ይቅረብላት፣ መምህሯም «እሜቴ፣ ያስተምሩን» ትበላት።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «አዲስ ፈሊጥ ነው፤ ከውጭ የመጣ» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ይህች አገር ራሷ የቆየ ልምድ አላት። የአብነት ትምህርት ቤቱን ተመልከቱ። ዕድሜ አይጠየቅም፤ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ከሰባት ዓመት ሕፃን አጠገብ ፊደል ይቆጥራል፣ ማንም አይስቅበትም። ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናል። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ተራ በተራ አስቀርበው በደረሰበት ይሰሙታል፤ የፈጠነው ያልፋል፣ የዘገየው ደግሞ ያጠናል፤ «ወደቀ» የሚባል ካርድ የለም። ማታ ማታ መብራት በሌለበት በቃል ይጠናል። ለዚህም ነው ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ ከሌሎቹ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ የሚሄደው፤ ማየት የተሳናቸው የቅኔና የዜማ መምህራን በጎንደርም በጎጃምም ወንበር ዘርግተው ዓይናማውን አስተምረዋል። አርጩሜውን አልናፍቅም፤ ሴት ልጆችና የሌላ እምነት ልጆችም እዚያ ቦታ እንዳልነበራቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ልጅን በደረሰበት መቀበል የሚባለው ነገር በእኛው ዛፍ ጥላ ሥር ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያንን ረስቶ ሁሉንም በአንድ ደወል ሊነዳ ሲሞክር ነው ልጅ ከኋላ የሚቀረው።

የአካል ጉዳትን ነገር ካነሳን አይቀር የትነበርሽ ንጉሤን ላንሳ። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር ገባች፤ በሕግ ተመረቀች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውር መሆኗ ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት በአደባባይ ስትናገር ሰምተናታል። ከአንዲት የወሎ ገጠር ልጅ ይህን ሁሉ ያወጣው በሩን የከፈተላት ትምህርት ቤት ነው።

ለእህቴ ልጅ ግን ከሕጉና ከስምምነቱ ይልቅ ነገ ጠዋት የምትሠራውን ነበር የነገርኋት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የልዩ ፍላጎት ስትራቴጂም አለን፤ መልካም ነው። መምህሯ ግን በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ልጅ ከኋላ ሆና በለሆሳስ ስሙን ትጥራው፤ ያልዞረው ጆሮው ሊታይ ይገባዋል። ሰሌዳ ሲያነብ ዓይኑን የሚያጠበው ወደ ፊት ይምጣ። ዓይኑን የሚያሸው ልጅ ካለ ትራኮማ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መከላከያው ደግሞ ፊትን በንጹሕ ውኃ ከመታጠብ ይጀምራል። «ሰነፍ» ተብሎ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል የደገመ ልጅ መነጽር ብቻ የጎደለው ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራንም፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ እየዞረ አካል ጉዳተኞችን የሚያግዝ ፕሮግራምም አለው። መምህሯ ሐኪም መሆን የለባትም፤ ወላጁን ወደዚያ መምራት ግን ትችላለች።

ሌላ የዛሬ ጉዳይ አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሕሊናዬ አይፈቅድም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ ደርሶ ስንቱ ተፈናቀለ። በጎንደር ዙሪያ በአማራና በቅማንት ስም በተነሣው ግጭት ቤት ተቃጥሏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመታት አጥተዋል። ስለዚህ አዲሷ መምህር ክፍል ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ልታገኝ ነው፤ በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ ልጅ ልታገኝ ነው፤ አባቱ የት እንዳለ ሲጠየቅ የሚያቀረቅር ልጅ ልታገኝ ነው። «አባትህ ምንድን ነው ሥራው?» ብሎ በክፍል ፊት መጠየቅ ድሮ የመተዋወቂያ ወግ ነበር፤ ዛሬ ይቅር። «ምን ትወዳለህ? ምን ትችላለህ?» ይበቃል። የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ ከስሙ ለማወቅ መሞከርም አይገባም።

ትንንሾቹንም ነገሮች ልጥቀስ። ከሩቅ ገጠር በእግሩ የመጣ ልጅ ካረፈደ ደጅ ማንበርከክ ይቅር፤ ገብቶ ይቀመጥ፣ ምክንያቱ በኋላ ይጠየቃል። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ስፖርት አይሁን። በፆምም በበዓልም ጊዜ የማን ልጅ ቀረ ብሎ ማሽሟጠጥም ይቅር።

«ጋሼ፣ ስልሳ ልጅ ነው እኮ፤ ይህን ሁሉ መቼ ነው የማደርገው?» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

ትክክል ናት። መመዘኛው በአንድ ክፍል 50 ይላል፤ ብዙ ቦታ ከዚያ ይበልጣል። ደመወዟ ከቤት ኪራይ ቢተርፍ ጥቂት ነው። ፍልስፍናውን በአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጭነን እኛ ቡና እየጠጣን ማየት ደግ አይደለም። «ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር አታድርጊ፤ መቀመጫውን መድቢ፣ ስማቸውን በአግባቡ ጥሪ፣ ስድብ ሲሰማ አትለፊ፤ ሌላው ይደርሳል» አልኋት። ሥራ የጀመረች ሰሞን ደወለችልኝ፤ መቀመጫ ስትመድብ የተቃወመ አንድ ወላጅ እንደነበረና ርእሰ መምህሩ ከጎኗ እንደቆሙ ነገረችኝ። ከጎን የሚቆም ርእሰ መምህር ያላት ጀማሪ መምህር ዕድለኛ ናት።

እናንተም ወላጆች ናችሁና አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንት አገኘህ ከማለታችሁ በፊት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጠይቁት። ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ከነገራችሁ ስሙን ያዙና ነገ ጠዋት መምህሩን ሄዳችሁ አነጋግሩ። «ከእገሌ ጋር አታስቀምጡብኝ» ለማለት ትምህርት ቤት የሚሄድ ወላጅ አይጠፋም፤ «ልጄን ከእሱ ጋር አስቀምጡልኝ» የሚል ወላጅ ግን ያስፈልገናል።